የሁለተኛ ዓይን ፊርማ

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

በሱቁ የሚወራው ትክክል አይደለም። ባለፈው ሰኞ ለፖስታ ሣጥን ሰላምታ አልሰጠሁም። ሰላምታ የሰጠሁት ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው ለነበሩት ለሚስተር ሂዊት ነው። ሚስተር ሂዊት ቀይ ሹራብ ይወዳሉ፣ ሣጥኑም ቀይ ነው፤ ከሩቅ ያየ ሰው ነገሩ ቢምታታበት የተምታታበት እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

በኋላ የተጨመረ፦ ዴልማ እንደምትለው ሚስተር ሂዊት ሰኞ ዕለት ሆባርት ከተማ ሐኪም ዘንድ ነበሩ። እንግዲያው ሌላ ሰው ነበር።

ይህን የምጽፈው ወሬ በጊዜው ካልታረመ እንደ እውነት ስለሚቀመጥ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ሲስተር ኢግናሺያ ስሕተት መፋቅ ከልክለውን ነበር። የፋቀች ልጅ እጇን በማስመሪያ ትመታለች። ስሕተት በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ እርማቱ ከላዩ ይጻፋል፣ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ያያል። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ላጲስ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ ራስል መጥቶ ነበር። የወደቡ የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ቡድን አለቃ ነው። ልጅ ሳለ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ቤቴ ሲገባ ጫማውን በረንዳ ላይ ያወልቃል። ቡድኑ የገዛውን አዲስ ካሜራ በባዶ የኬክ ቆርቆሮ ጣሳ ይዞ መጣ። ሰው ባሕር ላይ ሲጠፋ ከአውሮፕላን ሆነው ውሃውን ፎቶ ያነሱበታል፤ ከዚያ የቡድኑ አዳራሽ ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተደርድረው ፎቶውን እያንዳንዱን ይመለከታሉ። ችግሩ ብርሃን ሲያንስ ነው። ፎቶው በሙሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ነጠብጣቡ ሁሉ የሰው ጭንቅላት እየመሰለ ያደክማቸዋል።

«ሚስ ታስከር፣ ይኼ ካሜራ እንደ ማል ነው» አለኝ። «ቀን ቀን ጨዋ፤ ሲመሽ የሌለ ነገር ያያል።»

ማል አብራሪያቸው ነው። እንዲህ ያለ ቀልድ እንደማልወድ ራስል ያውቃል። ቢሆንም ሥራውን ተቀብያለሁ። ነጠብጣብ የሚያጠራው ፕሮግራም ለየካሜራው ልክ ይፈልጋል፤ የዚህ ካሜራ ልክ ገና አልወጣም። ከዚህ በፊት የአሥራ አራት ካሜራ ልክ አውጥቻለሁ። አንዱም አልተመለሰብኝም።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ልኩ ወጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት።

አሠራሩን ለራሴ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ሥርዓት ባለው ነገር ላይ እጄ እንዳይላላ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ከመስኮቱ በአንድ በኩል ብርሃን ያገኛል፤ ከነጭ ተነሥቶ ቀስ እያለ እስከ ጥግ ጨለማ ይወርዳል። ካሜራውን አስጠጋለሁ፤ የሌንሱን ቀለበት አዙሬ ግድግዳውን ሆን ብዬ አደበዝዘዋለሁ፤ ከዚያ ካሜራው ለብርሃን ባለው የስሜት ደረጃ ሁሉ፣ በየደረጃው አንድ አነሳለሁ። ግድግዳው ፈጽሞ ደብዝዞ ከጠፋ፣ ፎቶው ላይ የሚቀረው ነጠብጣብ ሁሉ የካሜራው የራሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ይቆጥረዋል። ወደፊት ያንን ያህል ይጠርጋል፣ ከዚያ አያልፍም። ልኩ ማለት ይህ ነው።

ግድግዳው በደንብ ካልደበዘዘ ግን የቀለሙ ሻካራነት እንደ ነጠብጣብ ይቆጠራል። ልኩ ይበዛል። የበዛ ልክ እውነተኛውንም ነገር አብሮ ይጠርጋል።

ለዚህ ነው የልክ መዝገቤ በየገጹ ግርጌ ሁለት ሣጥን ያለው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የካርታ መሥሪያ ቤቱ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ስገባ የተማርኩት ሥርዓት ነው፤ የለካ ሰው በአንደኛው ሣጥን ይፈርማል፣ ያልለካ ሰው አይቶ በሁለተኛው ይፈርማል። ሁለተኛው ፊርማ የሌለው ፊልም ከክፍሉ አይወጣም። በአሥራ አራቱም ካሜራ ሁለተኛዋ ፈራሚ ጎረቤቴ ዴልማ ናት። ስለ ካሜራ ምንም አታውቅም፤ ግን የባሏን ጀልባ፣ ኋላም የልጇን የክሌምን፣ ከአድማስ ላይ ከሌላው ጀልባ ለይታ የኖረች ሴት ናት።

ዛሬም መጥታ ነበር፤ ዳቦ ላይ ለሚቀባ ጄሊ የኩዊንስ ፍሬ እየቀቀለች ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል። ገና ደረጃው ላይ ሳለች የሹራቤን ቁልፍ አዛንፌ መቆለፌን ነገረችኝ። ይህ አስፈላጊ አልነበረም። ከዚያ «አምጪ፣ ልየው» አለች። ጄሊሽ ያርርብሻል፣ ሂጂ አልኳት። «ዊን፣ አንድ ደቂቃ ነው» አለች። አይቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ አልኳት። ሄደች።

በካሜራው መስኮት ያየሁት እንደ ወተት የለሰለሰ ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዱም እንዲህ ለስልሶ አያውቅም።

በሁለቱም ሣጥን ውስጥ እኔው ፈረምኩ። ዴልማ ሥራ ነበረባት።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ውስጥ ልኩን ጫንን። ማል በልምምድ በረራ በምሽት ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳዩኝ። ራስል ባሕሩ በካውያ የተተኮሰ ይመስላል አለ። ሁሉም ተደሰቱ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን ልዋሽ።

የእህቴ ልጅ ሮቢን ከሆባርት ደወለች። ከዓይን ሐኪሙ ደብዳቤ መጥቶልሽ እንደሆነ ንገሪኝ ትላለች። መጥቷል። ዛሬ ዛሬ ደብዳቤ የሚያትሙበት ቀለም ግራጫ ነው፤ ማን እንዲያነበው እንደሆነ አላውቅም። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

ክሌም አልተመለሰም።

ባሕር ውስጥ የጣላቸውን የሎብስተር ወጥመዶች ሊያነሳ ጠዋት ወጣ። በትንሿ ጀልባ፣ ብቻውን። ለስምንት ሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል።

አሥር ሰዓት። ዴልማ በረንዳዬ ላይ ቆማለች። መቀመጥ አትፈልግም።

አሥራ አንድ ሰዓት። ማል በአውሮፕላኑ ተነሥቷል። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ትጠልቃለች።

ልኬ ዛሬ ይሠራል።

ኤፕሪል 18፣ ስቅለት

ትናንት የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ማል ሲጨልም አውሮፕላኑን አሳረፈ። አራት መቶ ያህል ፎቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ሰው ተቀመጠ፤ ራስል ሥፍራውን አከፋፈለ። ወጥመዶቹ ያሉበትን፣ ዶሮዎቹ የምንላቸው ድንጋዮች አካባቢ ያለውን ባሕር ለራሱ ያዘ። ሌላ ሰው ላይ ልጥለው አልፈልግም አለ፤ ከክሌም ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የተማሩት።

ለእኔ ኮምፒዩተር አልሰጡኝም። «ሚስ ታስከር፣ እርስዎ ዴልማን በሻዩ ያግዟት» አለኝ፣ በትሕትና። ልኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት ቃጣኝ፤ ጊዜው አልነበረም። ሻይ ቀዳሁ። አንዱ ኩባያ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጠረጴዛው ዘንበል ያለ ነው።

ዴልማ ለሁሉም ስኳሩን ስንት ማንኪያ እንደሆነ ሳትጠይቅ ታውቃለች። ስምንቱ ሰዎች ልጇን ሲፈልጉ ከጀርባቸው እየዞረች ስኳር ታማስል ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ራስል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ በዶሮዎቹ በኩል ያለው ባሕር ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም አለ። ሦስት ጊዜ አይቶታል። ማዕበሉ ወደ ምሥራቅ ወስዶት መሆን አለበት፤ ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይውጡ አለ። ለፖሊስም ይኸው ተነገረ።

ዛሬ ሃያ ሦስት ጀልባ ወደ ምሥራቅ ወጣ። ከወደቡ አፍ ሲወጡ ድምፃቸውን ቆጠርኩ።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፍለጋው ቆመ። ፖሊሱ ውሃው አሥራ ሦስት ዲግሪ መሆኑን ተናገረ፤ ሌላ ማለት አያስፈልግም ነበር።

ዴልማ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ ያለችውን ቃል በቃል እጽፋለሁ። «ራስል እኮ በዚያው ምሽት አየው፣ ዊን። ውሃው ላይ ምንም አልነበረም። ልጄ አልቆየም ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ አላመሸም። ቶሎ ሄዷል። እሱን እሱን እያልኩ ነው የምተኛው።»

አዎ አልኳት። ንጹሕ ነበር አልኳት።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ጀልባዋ ተገኘች። አባሎኒ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚለቅም አንድ ጠላቂ ነው ያገኛት፤ ተገልብጣ፣ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ሆኖ። ከዶሮዎቹ በስተ ምዕራብ።

በስተ ምዕራብ።

ክሌም የለም።

ኤፕሪል 28፣ ሰኞ

ሱቁ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት። ሁለት ሰዎች ከዳቦው መደርደሪያ ወዲያ ነበሩ፤ እኔን አላዩኝም፣ ወይም ማየታቸው ግድ አልሰጣቸውም። አንደኛው ራስል አለቅነቱ የሚሆነው ለቋሊማ ጥብስ ነው፣ ቋሊማ ቢሆን ኖሮ አይስተውም ነበር አለ። ሌላኛው ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃያ ሦስት ጀልባ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሰደደ ሰው ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ማወቅ እፈልጋለሁ አለ።

ዴልማ ግን ለራስል ትከራከርለታለች። ጀልባዋ መጀመሪያ ሰጥማ ኋላ ነው የተነሣችው ትላለች። የኔ ልጅ ውሃ ላይ አልቆየም፣ ራስልን አትንኩት ትላቸዋለች። ትናንት ለራስል የኩዊንስ ጄሊ ላከችለት። መልሶ ላከው። በዚህ ሁለቱም አለቀሱ ይባላል፤ አላየሁም።

ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ።

ሜይ 2፣ ዓርብ

ጥሬዎቹ ፎቶዎች፣ ማለትም ገና ያልተጠሩት፣ ቤቴ ኮምፒዩተር ላይ አሉኝ። ለመዝገብ ስል ነበር የወሰድኳቸው። እስከ ዛሬ አልከፈትኳቸውም። ለምን እንዳልከፈትኳቸው ራሴን አልጠይቅም።

ከዶሮዎቹ በስተ ምዕራብ ያለውን ባሕር የሚያሳዩት ከቁጥር 205 እስከ 230 ያሉት ፎቶዎች ናቸው። እያንዳንዱን ሳሰፋው ግራጫ ብቻ ሆነብኝ። የኮምፒዩተሩ ብርሃን ዛሬ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ቁጥሩን አነበብኩ፤ እያንዳንዱ ፒክሰል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባት እያንዳንዷ ትንሽ ነጥብ፣ ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ሰማያዊ እንደያዘ ፕሮግራሙ በሠንጠረዥ ያወጣዋል፤ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አሳድጌ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀመርኩ።

212 ላይ ስድስት ፒክሰሎች አሉ። ጎን ለጎን ናቸው። ቀያቸው ከዙሪያቸው ሁሉ እጥፍ ይበልጣል። ነጠብጣብ እንዲህ ስድስት ሆኖ አይሰበሰብም፤ ይበታተናል እንጂ። ከጎናቸው እንደ ቆርቆሮ የነጣ አንድ ሰረዝ አለ።

የክሌም ጃኬት ብርቱካናማ ነው።

ማል በየሦስት ሴኮንዱ ነው የሚያነሳው። 213 ላይም ስድስቱ አሉ፤ ከነጩ ሰረዝ ግን ሁለት ፒክሰል ከፍ ብለዋል። 214 ላይ ዝቅ ብለዋል። 215 ላይ ከፍ ብለዋል።

ማዕበል ሊሆን ይችላል።

ማዕበል ቢሆን ነጩ ሰረዝም አብሮ ከፍ ይል ነበር።

ከዚያ ልኬን ጫንኩና የተጠራውን 212 ቁጥር አነበብኩ። ቀዩ ከዙሪያው ጋር እኩል ነው። ስድስቱም። ጠፍጣፋ። የተተኮሰ ባሕር።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

እንደገና ለካሁ። በዚህ ጊዜ ቀለበቱን እያየሁ አላዞርኩትም፤ እስከ መጨረሻው፣ ቀጭ እስኪል፣ በጣቴ ቆጥሬ አዞርኩት። የወጣው ልክ ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም።

በመጀመሪያው ቀን ቀለበቱ ተንሸራቶ ይሆናል። አዳዲስ ሌንሶች ይላላሉ።

የማጠቢያ ክፍሉን ግድግዳ በመዳፌ ዳበስኩት። ሻካራ ነው፤ የቀለም ሮለሩ ትቶት የሄደው ጉብጉብታ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው። ከዚህ ግድግዳ ጋር ስልሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ልሙጥ ነው ብዬ ነበር የምጽፈው።

ዴልማ አንድ ደቂቃ ነው ብላ ነበር።

ሜይ 5፣ ሰኞ

አዳራሹ ውስጥ ማንም ሳይኖር ገብቼ አሮጌውን ልክ አንሥቼ አዲሱን ጫንኩ። ቁልፉ አለኝ፤ የመጻሕፍት መደርደሪያውን የማጸዳው እኔ ነኝ። አደጋው ተወግዷል። ከእንግዲህ ማንም በእኔ ልክ አይጠፋም። ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው።

ሳይፋቅ ተፋቀ ማለት ይህ ነው። ሲስተር ኢግናሺያ ለዚህ የሚሆን ማስመሪያ አልነበራቸውም።

ሜይ 11፣ እሑድ፣ የእናቶች ቀን

ዴልማ መጣች። ልጅ ኖሮኝ አያውቅም፤ ግን በየዓመቱ በዚህ ቀን ክሌም ለእናቱም ለእኔም ነጭ የክሪዛንተመም አበባ ያመጣልን ነበር፤ ለእኔ ትንሿን እቅፍ። ዘንድሮ ዴልማ ራሷ ገዝታ ትንሿን እቅፍ ይዛልኝ መጣች።

አንድ ፎቶም ይዛለች። በዚህ ወር በ24ኛው ቀን በሚደረገው የክሌም መታሰቢያ ላይ እንዲቆም። አዳራሹ ውስጥ፣ ጭለማ ላይ፣ በስልክ የተነሳ ስለሆነ ነጠብጣብ በዝቶበታል። እንዳጠራላት ለመነችኝ። «ግን አደራ፣ ፊቱን እንዳታለሰልሺብኝ» አለች። «አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ይታይ። ጠባሳው ከሄደ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እውነት ከፈትኩ። በልቤ ዐረፍተ ነገሩን በሥርዓት አዘጋጅቼው ነበር፤ «ዴልማ፣ ባሕሩ ባዶ አልነበረም» የሚል ነው። እሷ ግን ቀድማ፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃ አደርኩ አለችኝ። ቶሎ መሄዱን ካመንኩ ወዲህ ነው አለች።

ታዲያ እንዴት ልናገር? ምን ብዬ? ልጅሽ በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ቆሞ ነበር፣ ጃኬቱን ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር፣ አውሮፕላኑ ከራሱ በላይ ነበር፣ ከዚያ እኔ ጠረግሁት ብዬ?

አበባውን ውሃ ውስጥ አኖርኩ። ዴልማ ዊን፣ ከብርጭቆው ውጪ ነው ያኖርሽው አለችኝ፤ አንሥታ አስተካከለችው።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም።

ሜይ 16፣ ዓርብ

የክሌምን ፎቶ ማጥራት አልቻልኩም። ጠባሳው መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ አልችልም። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ፊት በቁጥር አይነበብም።

ሮቢን ደወለች። ደብዳቤው ምን ይላል አለች። ግራጫ ነው አልኳት። «አክስቴ፣ ግራጫ ደብዳቤ የለም» አለች። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታውስም።

ሜይ 19፣ ሰኞ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ቀዛፊዎች ዘገዩ ተባለ። ባልና ሚስት፣ ከከተማ የመጡ። ማል ተነሣ። አዳራሹ ሄድኩ፤ ማንም ሻይ ቅጂ ሳይለኝ ሄጄ ቀዳሁ።

ፎቶው ሲከፈት አጉረመረሙ። አሸዋው ተመልሶበታል። የዓሣ ነጋዴው ሚስት፣ ይኼ ነገር ይታጠብ እንጂ፣ የኔ ቢጤ ዓይን አይችለውም አለች። ራስል ወደ እኔ ዞሮ ልኩን ቀየሩት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አሻሻልኩት አልኩ። ወደ ፎቶው ተመለሰ።

ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። ያችው የዓሣ ነጋዴ ሚስት ናት ያየቻቸው፤ ሁለት ነጥብ፣ አንዱ ቢጫ አንዱ ቀይ፣ ከመብራት ቤቱ በታች። ጀልባ ሄደ። በሕይወት አሉ። አዳራሹ ውስጥ እርስ በርስ ተቃቀፉ፤ አንድ ሰው እኔንም አቀፈኝ።

ራስል አልተቀላቀለም። ፎቶው ፊት ቁጭ ብሎ ሁለቱን ነጥቦች በጣቱ እየነካ ቆየ። ሰዉ ሲወጣ አብሬው ቀረሁ፤ ኩባያ እያጠብኩ።

«በአሸዋው ውስጥ እንኳ አየቻቸው» አለኝ። «እኔ ያን ቀን የተጠራውን ሦስት ጊዜ አይቼ ሳትኩት። ሰው የሚለው ልክ ነው፣ ሚስ ታስከር። የደከመው ዓይኔ ነው። ነበረ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር።

የአዳራሹን ቁልፍ መልሶ አለቅነቱን ሊተው ወስኗል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዴልማ ዘንድ ሄዶ በገዛ አፉ ሊነግራት ነው፤ በሱቅ ወሬ ከምትሰማው ይሻላል አለ። ከዚያ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመረመራል። ይህን ሲል ሳቀ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዓይን እንዲህ ቶሎ ይከዳል እንዴ?» አለኝ።

አይከዳም ማለት ነበረብኝ። ዓይንህ ደኅና ነው፣ ሥዕሉ ላይ የሌለውን ማንም አያይም ማለት ነበረብኝ። ኩባያ አጠብኩ። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አጎንብሶ አሰረልኝ፤ መፈታቱን አላስተዋልኩም ነበር።

ሜይ 20፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ የልክ መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ዴልማ የምትተኛበትን አንድ ነገር ልወስድባት ነው። በምትኩ የምሰጣት የለኝም። ይህን በሁሉም በኩል አገላብጬዋለሁ፤ ለእሷ ስል ዝም ማለት ይሻላል የሚለውንም ሃሳብ በሚገባ መርምሬዋለሁ፤ ደግ ሃሳብ ይመስላል፤ ሳየው ግን የሚጠብቀው እሷን ሳይሆን እኔን ነው። ለእሷማ ራስል ነገ ይነግራታል። ሕመሙ አይቀርላትም። የሚቀየረው የማን ዓይን ነበር የሚለው ብቻ ነው። ጄሊ የላከችለት ሰው ላይ ልጇን የማጣቷ በደል ይወድቃል፤ ክሪዛንተመም ያመጣችልኝ እኔ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አጽናናታለሁ።

ይቅር ትለኛለች ብዬ አልጠብቅም። እንዲያውም ባትለኝ ነው የሚገባት። ስልሳ ዓመት ግራና ቀኙ የኖርንበት አጥር ነገ የሚለየን አጥር ይሆናል።

የቀለበቱን ነገር ደግሞ ላርም። በዚህ ወር በ3ኛው ቀን ቀለበቱ ተንሸራቶ ይሆናል ብዬ የጻፍኩትን። በአንድ መስመር ሰርዤዋለሁ። ቀለበቱ አልተንሸራተተም። ሚስተር ሂዊትም ሆባርት ነበሩ። ፖስታ ሣጥን ነበር።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው እንዲህ ነው። ሻይ ሳልጠጣ፣ ዴልማ እንጨቷን ልታነድ ስትነሣ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አጥሩን በእጄ ይዤ፣ ዘጠኙን ምሰሶ ቆጥሬ። መዝገቡን፣ የ212ን፣ የ213ን፣ የ214ንና የ215ን ቁጥር እወስዳለሁ። የክሌምንም ፎቶ ሳልነካው እመልስላታለሁ፤ ጠባሳውን ራሷ ትየው። የማደርገውን ንግግር አላዘጋጅም፤ «ባሕሩ ባዶ አልነበረም» ብዬ እጀምራለሁ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ እመልሳለሁ፣ ውጪ ስትለኝ እወጣለሁ። ከዚያ በቀጥታ ራስል ዘንድ፤ ቁልፉን ሳይመልስ። ዓይኑ ደኅና መሆኑን እነግረዋለሁ፤ ለፖሊስም ለአዳራሹም ራሴ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርምበታል። ከዚያ ለሮቢን ደውዬ ደብዳቤውን መጥታ እንድታነብልኝ እጠይቃለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ልክ እንደነቃሁ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲደርስ፣ የኤፕሪል 5ን ገጽ እከፍታለሁ። በሁለተኛው ሣጥን ያለውን ፊርማዬን በማስመሪያ፣ በአንድ ቀጭን መስመር እሰርዘዋለሁ። ከላዩ ምንም አልጽፍም።